የወደብ ውሃ የማን ነው? ገዢውና አድሚራሉ በመርከብ ማሰሪያ ቦታ ስለተጣሉበት ዘመን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማልታ (ሜዲትራኒያን ባህር ላይ ያለች፣ ድሮ እንግሊዝ ትገዛት የነበረች ደሴት) ወደብ ባወራሁ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚመጣልኝ አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኩት። እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ብዙውን የማወራው ስለ ማልታ ነው ምክንያቱም ነገሩ ከየትም በላይ አፍጥጦ የወጣው እዛ ነው፣ ሆንግ ኮንግንም ትንሽ ነካ አደርጋለሁ።

ባጭሩ ጭቅጭቁ ስለምንድነው?

እንግሊዝ በቅኝ ግዛት ዘመን ትገዛቸው የነበሩ የባህር ዳር ቦታዎች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ጥሩ ወደብ ብቻ ነው የሚኖረው። እዛ ወደብ ላይ ደግሞ ሁለት ጌታ አለ። አንዱ የቅኝ ግዛቱ ገዢ ነው፣ ቀረጥ የሚሰበስበው፣ የንግድ መርከብ ይግባልኝ የሚለው፣ ህዝቡ እንጀራ አጣን ብሎ የሚጮህበት። ሌላው የባህር ኃይሉ አዛዥ አድሚራሉ ነው፣ የጦር መርከቦቼ የት ይቁሙ የሚለው። ውሃው አንድ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ የሚፈልጉት ያንኑ ጥልቅና ከማዕበል የተጠለለውን ቦታ ነው። በቃ ጸቡ እሱ ነው፣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ የብዙ ሰው ኑሮ የተገለበጠበት ነገር ነው።

ባህር እኮ ሰፊ ነው፣ ቦታ እንዴት ይጠፋል?

ይሄን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ያሰብኩት እንደዛ ነበር። መርከብ እንደ መኪና መጥቶ ቆሞ ዝም አይልም። አንድ መልህቅ ጥሎ የቆመ መርከብ ነፋሱ በዞረ ቁጥር በመልህቁ ዙሪያ አብሮ ይዞራል፣ እንጨት ላይ በረጅም ገመድ የታሰረች ፍየል ሳሩን ክብ አድርጋ ስትበላ አይታችሁ ከሆነ ልክ እንደዛ ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደታች አይወርድም፣ መልህቁ አፈሩን እንዲነክስ የውሃውን ጥልቀት ብዙ እጥፍ ያህል መለቀቅ አለበት።

እስቲ እናስላው። ውሃው 20 ሜትር ቢጠልቅና የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ሰንሰለት ብትለቁ 100 ሜትር ነው። በ1860 ውሃ ላይ የወረደችው ዋሪየር የምትባለው የብረት የጦር መርከብ ርዝመቷ ወደ 128 ሜትር ነበር። ሁለቱን ስትደምሩ መርከቧ የምትዞርበት ክብ መሀሉ መልህቁ ሆኖ እስከ ዳሩ 228 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ማለትም ለአንድ መርከብ ብቻ 16 ሄክታር ውሃ ማለት ነው! ከሷ በፊት የነበረው 60 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሸራ የጦር መርከብ በዚሁ ስሌት ግማሹን ያህል ነበር የሚይዘው። ስለዚህ እንፋሎትና ብረት ሲመጣ መርከቡ ረዘመ፣ ወደቡ ግን እዛው በተፈጥሮ ልኩ ላይ ቀረ።

መፍትሄው መርከቡን ከፊትም ከኋላም ማሰር ነው። ባህሩ ወለል ላይ ከባድ መልህቅና ሰንሰለት በቋሚነት ይቀበርና ጫፉ ላይ ቦያ ይደረጋል (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ የብረት በርሜል በሉት)፣ መርከቡ በሁለት ቦያ መሀል ይታሰራል፣ አይዞርም፣ አንድ ሄክታር እንኳን ላይፈጅ ይችላል። ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተውሉ፣ ቦያ መትከል ማለት ውሃ ላይ አጥር ማጠር ማለት ነው። የጦር መርከቡ ወር ሙሉ ባህር ላይ ቢቆይ እንኳን ቦያው እዛው ይጠብቀዋል፣ ነጋዴው ባዶውን ቦታ እያየ ማሰር አይችልም። ለኔ የጸቡ ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሁለቱም እንግሊዞች አይደሉም እንዴ? ንጉሡ ወይ ንግሥቲቱ አንድ ቃል ብትናገር አያልቅም ነበር?

አያልቅም፣ ምክንያቱም አለቃቸው ለየብቻ ነው። የማልታ ገዢ ለለንደኑ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነው የሚጽፈው። አድሚራሉ ደግሞ ለአድሚራልቲ፣ ማለትም ለራሱ ለባህር ኃይሉ መስሪያ ቤት። ገዢው አድሚራሉን ማዘዝ አይችልም፣ አድሚራሉም ገዢውን። ስለዚህ እዛው ወደብ ላይ በአይን እየተያዩ ሊጨርሱት የሚችሉት ነገር ደብዳቤ ሆኖ ለንደን ይሄዳል፣ ሁለት መስሪያ ቤት ይከራከርበታል፣ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ግምጃ ቤቱ ሶስተኛ ሆኖ ይገባል፣ ወደብ ላይ ያለው ሰው እስከዛ ይጠብቃል። ጅቡቲ ላይ እቃ ቆሞበት አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ያመላለሰው ሰው ይሄን ስሜት ሳልነግረው ያውቀዋል።

እሺ ማልታ ላይ በትክክል ምን ሆነ?

መጀመሪያ ቦታውን በአይነ ህሊናችሁ ሳሉት። ግራንድ ሃርበር የሚባለው ትልቁ ወደብ ከባህሩ ወደ መሬት የገባ ረጅም ውሃ ነው። በአንድ በኩል ዋና ከተማዋ ቫሌታ አለች። ማዶ ደግሞ መሬቱ እንደ እጅ ጣት ወደ ውሃው የሚወጣ ሲሆን በጣቶቹ መሀል የሚገባው ውሃ ክሪክ ይባላል። በቢርጉና በሴንግሊያ ከተሞች መሀል ያለው ዶክያርድ ክሪክ ነው፣ ከሴንግሊያ ቀጥሎ በኮራዲኖ ኮረብታ ስር ያለው ደግሞ ፍሬንች ክሪክ ነው። የወደቡ መጨረሻ፣ ውሃው አልቆ ረግረግ የሚሆንበት ቦታ ማርሳ ይባላል።

እንግሊዝ በ1800 ማልታን ስትይዝ ባህር ኃይሉ ድሮ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች (ቀደም ሲል ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት) ጀልባዎቻቸውን የሚያቆሙበትን ዶክያርድ ክሪክን ያዘ። ፍሬንች ክሪክ የነጋዴዎቹ ሆኖ ቀጠለ። መርከብ ይታደስበታል፣ ይታሰርበታል፣ እቃ ይራገፍበታል። በዚህ አከፋፈል ለረጅም ጊዜ ተስማምተው ኖሩ ማለት ይቻላል።

ከዛ እንፋሎት መጣ። እንፋሎት መርከብ ሆዱ መታደስ አለበት፣ ለዛ ደግሞ ድራይ ዶክ ያስፈልጋል፣ መርከቡ ገብቶ በሩ ተዘግቶ ውሃው የሚመጠጥበት ትልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ማለት ነው። የመጀመሪያው ማልታ ላይ በ1848 ዶክያርድ ክሪክ ውስጥ ተከፈተ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ተቀጥሎ ሁለት ሆነ። ግን ፈረንሳይ በ1859 ግሏር የሚባለውን ብረት የለበሰ መርከብ ስታወርድ፣ እንግሊዝም በዓመቱ ዋሪየርን ስታወርድ፣ እነዚህ ዶኮች ጠበቡ። ሌላ ትልቅ ዶክ የግድ ሆነ። የት ይሁን?

መጀመሪያ የታሰበው ማርሳ ነበር። ረግረጉ ተቆፍሮ ወደቡ ወደ ውስጥ ይረዝማል፣ አዲሱ የባህር ኃይል ዶክ እዛ ይሰራል፣ ነጋዴም ተጨማሪ ቦታ ያገኛል። ሁሉንም የሚያስታርቅ ይመስል ነበር። ባህር ኃይሉ ግን ሀሳቡን ቀየረ። ማርሳ ከነባሩ ዶክያርድ (ከመርከብ መጠገኛ ግቢው) ይርቃል፣ ወርክሾፑ፣ መጋዘኑ፣ ሰራተኛው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ስለዚህ አዲሱን ዶክ ፍሬንች ክሪክ ላይ እንስራ፣ ነጋዴዎቹ ማርሳ ይሂዱ አለ።

ነጋዴዎቹ ተቃወሙ፣ ልክም ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ፍሬንች ክሪክ ለወደቡ አፍ ቅርብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ጉምሩኩና የቫሌታ መጋዘኖች ማዶ ናቸው። ማርሳ የወደቡ ጓዳ ነው፣ ረግረግ ነበር፣ የሰው ስጋት ደግሞ የረግረጉ ትኩሳትም ጭምር ነበር። በዛ ላይ ነባር ቦታህን ልቀቅና ገና ያልተቆፈረ ቦታ ውሰድ ማለት ለማንም ከባድ ነው። ጉዳዩ እንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ደረሰ፣ ማርሳ ወይስ ፍሬንች ክሪክ ተብሎ ተከራከሩበት። መጨረሻ ላይ ባህር ኃይሉ ፍሬንች ክሪክን ወሰደ። እዛ የተሰራው ዶክ በ1871 ተጠናቀቀ፣ ስሙም ሶመርሴት ዶክ ተባለ፣ ክርክሩ ሲካሄድ የአድሚራልቲ የበላይ በነበረው በዱክ ኦፍ ሶመርሴት ስም ማለት ነው። ዶኩ ከክርክሩ የወጣውን አሸናፊ ስም ይዞ ቀረ። በ1892 እዛው ክሪክ ላይ ሃሚልተን ዶክ ተጨመረ፣ የንግድ መርከብ ፍሬንች ክሪክ ላይ የነበረው ዘመንም አበቃ።

ማልታዎች እራሳቸው ምን አሉ? ድምጽ ነበራቸው?

ነበራቸው፣ ግን ድምጹ የማያሸንፍ ነበር። ከ1849 ጀምሮ የመንግስት ምክር ቤት ነበር፣ 18 አባላት፣ ከነሱ ውስጥ በህዝብ የተመረጡት 8 ብቻ። ስለዚህ ስምንቱም ባንድ ድምጽ ቢቃወሙ እንኳን ቁጥሩ ከወዲያኛው ወገን ነው። በጣም የሚያመኝ ደግሞ ገንዘቡ ነው፣ ለማርሳው ቁፋሮ የማልታ ካዝናም ነው ድርሻ ያዋጣው፣ ያ ካዝና የሚሞላው ደግሞ ከቀረጥ ነው፣ ከስንዴ ላይ ሳይቀር። ባህር ኃይሉ ከቦታህ ያስነሳሃል፣ የምትሄድበትን አዲስ ቦታ ለማስቆፈር ደግሞ ካንተም ይወሰዳል። ይሄን ስታነቡ የሆነ ሰፈር ፈርሶ ሰው ከመሀል ከተማ ዳር ሲወጣ ያያችሁት ትዝ ይላችሁ ይሆናል፣ ለኔ የሚታየኝ እሱ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የፈረሰው ሰፈር ውሃ ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ገዢዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የማልታ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ጄነራሎች ነበሩ፣ ወታደር ስለሆኑ ለባህር ኃይሉ ያደላሉ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሁሌ እንደዛ አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የደሴቲቱን በጀት መሙላት ነበረበት፣ የንግድ መርከብ ከራቀ በጀቱም ይራቆታል፣ ስለዚህ ጄነራልም ቢሆን የነጋዴውን ጩኸት ወደ ለንደን የማስተላለፍ ጥቅም ነበረው።

ማርሳ የሚለው ስም ከኛ መርሳ ፋጡማ ጋር ይገናኛል?

አዎ ይገናኛል! ከአረብኛው ነው፣ መርከብ መልህቁን የሚጥልበት ቦታ ማለት ነው። ኤርትራ ባህር ዳርቻ ላይ መርሳ ፋጡማ፣ መርሳ ተክላይ የሚባሉት ስሞች ከዚሁ ቃል ናቸው። የማልታ ቋንቋ እራሱ ሴማዊ ነው፣ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ባህርን ባሕር ነው የሚሉት፣ በሐመሩ ሐ፣ ልክ እንደ ግዕዛችን። ይሄን ሳውቅ ደሴቲቱ ድንገት የቀረበችኝ መስሎኝ ነበር።

የጦር መርከብ ሲበዛ የተጎዳው ነጋዴው ብቻ ነው?

አይደለም፣ ነገሩ ከዛ የተወሳሰበ ነው። ማልታ ላይ ዳይሳ የሚባሉ በቀለም ያጌጡ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ፣ ቀዛፊው ቆሞ ነው የሚቀዝፈው። መርከብ መሀል ውሃ ላይ በቦያ ሲታሰር መርከበኛው ወደ መሬት የሚወጣው በጀልባ ነው፣ ስለዚህ የጦር መርከብ በሞላ ቁጥር ለነዚህ ሰዎች ስራ ነው። ዶክያርዱም በ1950ዎቹ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ቀጥሮ ነበር፣ ለእንደዛች ትንሽ ደሴት ይሄ በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ባህር ኃይሉ ይውጣ የሚል ማልታዊና ባህር ኃይሉ ከወጣ ልጆቼን በምን አበላለሁ የሚል ማልታዊ አንድ ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ስዌዝ ካናል በ1869 ተከፍቶ ከሰል የሚሞሉ እንፋሎት መርከቦች ሲጎርፉ ደግሞ ነጋዴውም ለተወሰኑ ዓመታት ጥሩ ሰራ፣ ማርሳም ያኔ ነው የተጠቀመችው።

የባህር ኃይሉ ክርክር ምንም ውሃ አይቋጥርም ነበር ማለት ነው?

ይቋጥራል፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ዶክ፣ ወርክሾፕና ማሰሪያ ቦታ ተጠጋግተው ካልሆኑ ጦርነት ላይ ጊዜ ይባክናል። ሌላው ደግሞ እሳት ነው፣ ባሩድ የጫነ መርከብ አጠገብ ከሰልና ዘይት የጫነ የንግድ መርከብ ማቆም ያስፈራል። ሶስተኛ ማዕበል አለ፣ ግሪጋል የሚሉት የሰሜን ምስራቅ ነፋስ ግራንድ ሃርበር አፍ ላይ በቀጥታ ነበር የሚገባው፣ የማዕበል መከላከያው ግንብ መሰራት የጀመረው በ1903 ነው፣ የመሰረት ድንጋዩን ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ነው ያስቀመጠው። ግንቡ እስኪመጣ ድረስ ጥሩ መጠለያ የነበሩት ክሪኮቹ ነበሩ፣ ስለዚህ ሁሉም ክሪክ ክሪክ ማለቱ አይገርምም። እኔ የምለው ፍላጎቱ ልክ ነበር፣ ሂሳቡ የተላከበት ሰው ግን ልክ አልነበረም ነው።

ሆንግ ኮንግ ላይስ?

እዛ ጸቡ ከውሃ አልፎ ወደ ዳርቻው ወጣ። ባህር ኃይሉ ገና ከጅምሩ ከከተማዋ እምብርት አጠገብ የባህር ዳር ቦታ ያዘ፣ ከፊቱ ያለው ውሃም ለጦር መርከብ ሆነ። ከ1889 ጀምሮ ፖል ቻተር የሚባል ነጋዴ ባቀደው ፕሮጀክት ከተማዋ ባህሩን በአፈር እየሞላች ስትሰፋ የባህር ኃይሉ ግቢ መሀል ላይ ተደንቅሮ የባህር ዳሩን መንገድ ለሁለት ቆረጠው። የከተማው ሰው ግቢው ሌላ ቦታ ይሂድልን ብሎ ለመነ፣ አድሚራልቲ ግን እምቢ ብሎ ጭራሽ ወደ ባህሩ አስፍቶ ዶክና ገንዳ ሰራበት።

ትንንሽ ጀልባ ላይ የሚኖሩት ቻይናውያን ደግሞ የማንም አጀንዳ አልነበሩም። መስከረም 18 ቀን 1906 የመጣው ታይፉን (ከባድ የባህር አውሎ ነፋስ) ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ገደለ፣ አብዛኛው ጀልባ ላይ የነበረ ሰው ነው። እንደዛ ድንገት ሲመጣ የሚሸሹበት በቂ የተጠለለ ውሃ አልነበራቸውም። ያውማቴ የተባለው ትልቁ የጀልባ መጠለያ ያለቀው በ1915 ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ። ስለ ማሰሪያ ቦታ ስናወራ ስለ ገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ይሄ ጸብ ያልነበረበት ቦታ አለ?

ሁለት ወደብ ያለው ቦታ ላይ ይቀላል። ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ላይ ባህር ኃይሉ ትሪንኮማሊ ነበር፣ ንግዱ ኮሎምቦ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ባህር ኃይሉ ሳይመንስታውን፣ ንግዱ ኬፕታውን። ሲንጋፖር ላይም በ1938 የተከፈተው የባህር ኃይል ቤዝ ከደሴቲቱ ሰሜን ነው፣ የንግዱ ወደብ ደቡብ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ሙሶሊኒ ሀገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በ1935 ነሐሴ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ የሜዲትራኒያን መርከቦች ማልታን ትተው ወደ እስክንድርያ ተንቀሳቀሱ። ማልታ ከሲሲሊ 100 ኪሎሜትር እንኳን ስለማትርቅ የጣሊያን አውሮፕላን ይደርስባታል ተብሎ ተፈርቶ ነው። ስልሳ ሰባ ዓመት ሙሉ ለባህር ኃይሉ ተብሎ ነጋዴ የተነሳበት ወደብ፣ ትልቅ ጦርነት ሊነሳ ነው ሲባል ቦያዎቹ ባዶ ቀሩ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ወደ እስክንድርያ ሄደ። ዳይሳ ቀዛፊውና የወደብ ባለሱቁ ገበያቸው አብሮ ሄደ።

እኛንም መርከቦቹ አላዳኑንም። ስዌዝ ካናል ለጣሊያን ክፍት ሆኖ ቀረ፣ ወታደሩም መርዝ ጋዙም በዛው አልፎ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በግንቦት 1936 ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው ወደ ሃይፋ የተሳፈሩት። ይሄን ክፍል ስጽፍ ሁሌ ልቤ ይከብደዋል።

ታዲያ አሁን ውሃው የማን ሆነ?

ማልታ በ1964 ነጻ ወጣች፣ የእንግሊዝ ጦር ቤዙን ለቆ የወጣው ግን መጋቢት 31 ቀን 1979 ነው፣ ማልታዎች ቀኑን የነጻነት ቀን ብለው ያከብሩታል። ዛሬ ዶክያርድ ክሪክ ላይ የታሰሩት የሀብታም ጀልባዎች ናቸው፣ ፍሬንች ክሪክ ላይ መርከብ ይታደሳል፣ ማርሳ አሁንም የስራ ወደብ ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ የባህር ኃይሉ ዶክያርድ በ1959 ተዘጋ፣ የተቆረጠው መንገድም ተገናኘ፣ ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የባቡር ጣቢያ ስሙ በእንግሊዝኛ አድሚራልቲ ነው፣ በየቀኑ የሚያልፍበት ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው።